«ይስማማል» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለ ገመድ አልባ ማዳመጫና ስለ ቤት የድምፅ መሣሪያዎች መጣጣም የቀረበ የስያሜ ጥናት

1. መግቢያ

አንድን የሙያ ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለባዕዱ ቃል አቻ ለማግኘት ነው። አቻው ከተገኘ በኋላ ግን ያ ቃል ለአንባቢው የሚሰጠው ተስፋ እውነት መሆን አለመሆኑን መለስ ብሎ የሚመረምር ብዙ አይደለም። እዚህ የሚቀርበው ጉዳይ የዚህ ዓይነቱ ቸልታ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል የሚያሳይ ነው።

በገመድ አልባ ማዳመጫዎች፣ በድምፅ ማጉያዎችና በመሳሰሉት የቤት የድምፅ መሣሪያዎች ማሸጊያና የአጠቃቀም መመሪያ ላይ በእንግሊዝኛ ‹ኮምፓቲብል› ተብሎ የሚጻፈው ቃል በአማርኛ አንድ ጊዜ ‹ይስማማል›፣ አንድ ጊዜ ‹ተስማሚ›፣ ሌላ ጊዜ ‹ተኳኋኝ› እየተባለ ይተረጐማል፤ በሻጩ አንደበት ደግሞ ባጭሩ ‹ይሠራል› ይባላል። ገዢው ይህን ቃል አምኖ ገንዘቡን ይከፍላል። ቤቱ ገብቶ ሲሞክረው ግን ማዳመጫው ከስልኩ ጋር ተዋውቆ ድምፅ ሳያሰማ ይቀራል፤ ወይም ሙዚቃውን አሰምቶ በጥሪ ጊዜ ንግግሩን አያስተላልፍም፤ ወይም ድምፁ ከተናጋሪው ከንፈር ዘግይቶ ይደርሳል። ዕቃው አልተበላሸም፤ ስልኩም አልተበላሸም። ‹ይስማማል› የተባለውም ፈጽሞ ውሸት አልነበረም፤ በምን ረገድ እንደሚስማማ ግን አልተነገረም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። በስልካቸው የሬዲዮ ዜና መከታተል ለሚወዱ አጎቱ ገመድ አልባ ማዳመጫ ገዝቶ ሰጣቸው። ማሸጊያው ከስልካቸው ጋር እንደሚስማማ ይናገር ነበር፤ በእርግጥም ሙዚቃውም ጥሪውም በሚገባ ይሰማል። ሬዲዮው ሲከፈት ግን ስልኩ «ማዳመጫ ይሰኩ» የሚል ማሳሰቢያ አወጣ። አጎቱም «እንግዲያ ይህ ጆሮዬ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ትክክለኛ የቃላት ጥያቄ ነበር። በብዙ ስልኮች የኤፍ.ኤም. ሬዲዮ መቀበያ የሚሠራው የማዳመጫውን ገመድ እንደ አንቴና ተጠቅሞ ነው። በ100 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራጭ ሞገድ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የዚህ ሩብ የሆነው 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ለመቀበያነት ይበቃል፤ የማዳመጫ ገመድም ከዚህ አያንስም። ስለዚህ ማሳሰቢያው ‹ማዳመጫ› ሲል አንቴና ማለቱ ነበር። ገመዱ ሲቀር አንቴናውም አብሮ ቀረ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ‹ይስማማል› በሚለው ቃል ሥር የተጠቀለሉትን የተለያዩ ሐሳቦች መፍታት፣ አማርኛ ለእያንዳንዳቸው ያለውን ቃል መፈተሽና ለተርጓሚዎች የሚያገለግል የስያሜ ረድፍ ማቅረብ ነው።

2. ነገሩ ከቃሉ በፊት

ቃል ከመምረጥ አስቀድሞ ነገሩን መለየት ግድ ነው። አንድ ስልክና አንድ የድምፅ መሣሪያ አብረው እንዲሠሩ የሚያስፈልጉት ሁኔታዎች በአራት ደረጃዎች ሊከፈሉ ይችላሉ። የአንዱ ደረጃ መሟላት ግን ለሚቀጥለው ዋስትና አይሆንም። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሀ. የአካል ግጥምጥም

ብዙ ሰው ችግሩ ከገመዱ መቅረት ጋር የመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን በገመድ ዘመንም ቢሆን ሁሉም ከሁሉም ጋር አልተስማማም። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ በስልክ ማዞሪያዎች ላይ ጥሪ ለማገናኘት ያገለግል የነበረው ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር መሰኪያ፣ በኋላ ሬዲዮና ቴፕ ሲስፋፉ ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር አንሶ የማዳመጫ ሁሉ መሰኪያ ሆነ። ማዳመጫው ድምፅ ማሰማት ብቻ ሥራው እስከ ነበረ ድረስ ሦስት የብረት ቀለበት ይበቃው ስለ ነበር የአንዱ ለሌላው ይሆን ነበር። ስልክ ማነጋገሪያ ሲጨመርበት ግን አራተኛ ቀለበት አስፈለገ፤ አምራቾችም የማነጋገሪያውንና የመሬቱን መስመር ቦታ በሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች አስቀመጡ። አንደኛው ሲ.ቲ.አይ.ኤ.፣ ሁለተኛው ኦ.ኤም.ቲ.ፒ. ይባላል። የአንዱ ሥርዓት ማዳመጫ በሌላው ስልክ ላይ ሲሰካ በሚገባ ይገጥማል፤ ድምፁ ግን የሳሳና የዘፋኙ ድምፅ የጠፋበት ይሆናል። የማነጋገሪያው ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ብቻ ይስተካከላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7 ይህን መሰኪያ ትቶ ከወጣ በኋላ ብዙ አምራቾች ተከተሉ። በምትኩ የመጣው የዩ.ኤስ.ቢ. ሲ ቀዳዳም ቢሆን በመልኩ አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ አንድ አይደለም። አንዳንድ ስልክ የተዘጋጀ የድምፅ ምልክት በቀጥታ በቀዳዳው ያወጣል፤ ሌላው ደግሞ የሚያወጣው በቁጥር የተጻፈ ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ምልክት የሚቀይር መሣሪያ በማስማሚያው ውስጥ መኖር አለበት። ለመጀመሪያው የተሠራ ርካሽ ማስማሚያ በሁለተኛው ላይ ተሰክቶ ዝም ይላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከታኅሣሥ ወር 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሚሸጡ አዲስ ስልኮች ላይ ይህ ቀዳዳ ለኀይል መሙያነት ግዴታ ሆኗል፤ ሕጉ አንድ ያደረገው ግን የመሙያውን ነገር እንጂ የድምፁን አይደለም።

ለ. መተዋወቅ

ገመድ በሌለበት ጊዜ ቀዳዳና መሰኪያ የሚተካው መተዋወቅ ነው። ብሉቱዝ የተባለው ሥርዓት የሚተዳደረው እ.ኤ.አ. በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይ.ቢ.ኤም.፣ ኢንቴልና ቶሺባ ባቋቋሙት ማኅበር ነው። ስሙ የተወሰደው በ10ኛው ምእተ ዓመት ከነበረው የዴንማርክ ንጉሥ ከሐራልድ ቅጽል ስም ሲሆን፣ ምልክቱም የንጉሡን ስምና የቅጽሉን የመጀመሪያ ፊደላት በጥንታዊው የሰሜን አውሮፓ ጽሕፈት አጣምሮ የያዘ ነው። ሥርዓቱ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ በሰከንድ እስከ 1600 ጊዜ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እየዘለለ ይሠራል።

ሁለት መሣሪያዎች በዚህ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ አንድ የጋራ የምስጢር ቁልፍ ፈጥረው ሁለቱም ያስቀምጡታል። ይህ አንድ ጊዜ የሚፈጸም ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ በየዕለቱ የሚሆነው በዚያ ቁልፍ መገናኘት ብቻ ነው። የሁለቱ ልዩነት ሳይገባው የቀረ ተጠቃሚ፣ ማዳመጫው በሌላ ክፍል ካለው የወንድሙ ስልክ ጋር ሄዶ ሲገናኝ፣ ‹ከኔ ስልክ ጋር አይስማማም› ብሎ ይደመድማል።

ሐ. የአገልግሎት ስምምነት

ሁለት መሣሪያዎች ተዋወቁ ማለት አብረው መሥራት ይችላሉ ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ አገልግሎት ‹ፕሮፋይል› የተባለ የተጻፈ ስምምነት አለ፤ ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ስምምነት መያዝ አለባቸው። ሙዚቃ በሁለት ጆሮ የሚተላለፈው ኤ.ቱ.ዲ.ፒ. በተባለው ስምምነት ነው። የስልክ ጥሪ የሚተላለፈው ግን ኤች.ኤፍ.ፒ. በተባለው በሌላ ስምምነት ሲሆን፣ እርሱ ድምፅን በሁለት አቅጣጫ ስለሚያመላልስ ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው፤ በአብዛኛው የሚጠቀመው በሰከንድ 8 ሺሕ ወይም 16 ሺሕ የድምፅ ናሙና ነው። ሙዚቃ እየሰማ ያለ ሰው ማነጋገሪያው ሲከፈት ድምፁ በድንገት ‹የስልክ ድምፅ› የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው። ማዳመጫው አልተበላሸም፤ ከአንዱ ስምምነት ወደ ሌላው ተሻገረ እንጂ።

መ. የድምፅ አጠቃለል

የመጨረሻው ደረጃ ‹ኮዴክ› የሚባለው ነው። ድምፅ በአየር ለማለፍ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ስልኩ ይጠቀልለዋል፤ ማዳመጫውም ይፈታዋል። አጠቃለሉ ብዙ ዓይነት ነው። ኤ.ቱ.ዲ.ፒ. ሁሉም መሣሪያ እንዲይዘው የሚያስገድደው ኤስ.ቢ.ሲ. የተባለውን ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ኤ.ኤ.ሲ.፣ አፕትኤክስ፣ እንዲሁም በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት የሚያስተላልፈው የሶኒ ኤልዳክ አሉ። አይፎን ኤስ.ቢ.ሲ.ንና ኤ.ኤ.ሲ.ን እንጂ አፕትኤክስንም ኤልዳክንም አልያዘም፤ በአንድሮይድ በኩል ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 8ኛው እትም ሁለቱንም የሚያስተናግድ ነበር። ስለዚህ በኤልዳክ ጥራቱ ምክንያት ውድ ዋጋ የተከፈለበት ማዳመጫ ከአይፎን ጋር ሲጣመር ያለ ችግር ይሠራል፤ የተከፈለበትን ጥራት ግን አይሰጥም። ይህንንም የሚያስታውቅ ምልክት አይወጣም። ከአራቱ ደረጃዎች አታላዩ ይህ ነው፤ ሌሎቹ ሲጎድሉ ጉድለቱ ይታወቃል፣ ይህኛው ግን በዝምታ ያልፋል።

የድምፅ መዘግየትም በአብዛኛው ከዚሁ ደረጃ ይመነጫል። መጠቅለል፣ ማስተላለፍና መፍታት ጊዜ ይወስዳሉ፤ በኤስ.ቢ.ሲ. መዘግየቱ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ማለፉ የተለመደ ነው። ለዘፈን ችግር የለውም፤ ለፊልምና ለጨዋታ ግን ይታወቃል።

ሠ. የቤት የድምፅ መሣሪያዎች

በቤት ውስጥ ያለው የድምፅ ማጉያ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል፤ ከብሉቱዝ ሌላ በቤቱ የዋይፋይ መረብ የሚሠሩ ሥርዓቶች አሉና። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ኤርፕሌይን፣ ጉግልም በ2013 ካስት የተባለውን አወጡ። ሁለቱ አይተዋወቁም። የአንድሮይድ ስልክ ከፋብሪካ ሲወጣ ለኤርፕሌይ ብቻ የተሠራን ማጉያ የሚያዝበት መንገድ የለውም። ከእነርሱ በፊት በ2003 ብዙ አምራቾች የቤት መሣሪያዎችን አንድ ለማድረግ ዲ.ኤል.ኤን.ኤ. የተባለ ማኅበር መሥርተው ነበር፤ ማኅበሩ ግን በ2017 ፈረሰ።

ቴሌቪዥንና ማጉያ በኤች.ዲ.ኤም.አይ. ገመድ ሲገናኙም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ድምፅን ከቴሌቪዥኑ ወደ ማጉያው መልሶ የሚያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ከ1.4ኛው እትም ጀምሮ ያለው ‹አርክ› የተባለው መስመር ነው። በቴሌቪዥኑ ጀርባ ሦስት ወይም አራት ተመሳሳይ ቀዳዳዎች ቢኖሩም አርክ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በአንዱ ብቻ ነው። ገመዱ በሁሉም ይገባል፤ ድምፅ የሚወጣው ግን በአንዱ ነው።

3. በአማርኛ ያሉት ቃላት

ከዚህ ቀጥሎ አሁን በጥቅም ላይ የሚገኙትን ቃላት እንመልከት።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃዎቹ ስም። ‹የጆሮ ማዳመጫ› በጽሑፍ ጸንቷል፤ በንግግር ግን ኤርፎን፣ ሄድሴት፣ በቅርቡ ደግሞ ኤርፖድ ይባላል። የመጨረሻው የአንድ አምራች የንግድ ስም ሆኖ ሳለ በጆሮ ለሚገባ ገመድ አልባ ማዳመጫ ሁሉ የወል ስም ወደ መሆን አዝማሚያ እያሳየ ነው። ለአማርኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኢጣሊያን የድምፅ መሣሪያ አምራች ስም የነበረው ሞንታርቦ በሠርግና በስብሰባ ላይ ለሚቆም ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ እንዲህ ያለውን ቃል መንቀፍ አይጠበቅበትም፤ ትርጕሙ የሰፋበትን መጠን መመዝገብ ግን ይጠበቅበታል። ‹ኤርፖድ ይሠራል› የሚል ማስታወቂያ የአንዱን አምራች ዕቃ ይሁን ማንኛውንም ማዳመጫ ማለቱ ካልታወቀ ገዢውን ያሳስታልና።

‹ገመድ አልባ› የሚለው ቃል በሚገባ የተሠራ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ስልክ የሚለው ቃላችን ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ትርጕሙ ሽቦ ነው። ስለዚህ ‹ገመድ አልባ ስልክ› የሚለው ሐረግ በሥሩ ሲታይ ‹ገመድ የሌለው ሽቦ› እንደ ማለት ነው። ማንም ግን አይስቅበትም፤ ቃሉ ከሥሩ ተለይቶ ራሱን ችሏልና። ከዚህ የምንማረው አንድ ስያሜ ለመልመድ የሥሩ ግልጽነት ብቻውን ወሳኝ አለመሆኑን ነው። ብሉቱዝንም ‹ሰማያዊ ጥርስ› ብሎ ለመተርጐም የሚነሣ ቢኖር ሥሩን ያብራራል እንጂ ነገሩን አያብራራም።

ወደ ዋናው ቃላችን ስንመለስ፣ ‹ተስማማ› ከሰማ የወጣ ሆኖ የመደማመጥን ሐሳብ ይዟል፤ ለድምፅ መሣሪያ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን ልብስም ለሰው ይስማማል፣ አየርም ይስማማል፣ ሁለት ተከራካሪዎችም ይስማማሉ። ስፋቱ ለሙያ ቃልነት አይመችም። ‹ተኳኋኝ› በስልክ መስኮቶችና በኮምፒዩተር ትርጕሞች የተለመደ ሲሆን ጥቅሙ በዕለታዊ ንግግር ሌላ ሥራ አለመያዙ ነው። ጉድለቱ ለተራው አንባቢ እንግዳ መሆኑና አጻጻፉ አለመጽናቱ ነው፤ አንዱ ተኳኋኝ፣ ሌላው ተኳዃኝ ይለዋል። ‹ይሠራል› ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ስለ ሁለት ነገሮች ግንኙነት ሳይሆን ስለ አንዱ ጤንነት የሚናገር ቃል ነውና።

‹ፔሪንግ› ለተባለው ሥራ በስልኮች ላይ ‹ማጣመር› ገብቷል። ተገቢ ምርጫ ነው። አንዳንዶች ግን ‹ማጣመር›ን እና ‹ማገናኘት›ን እንደ ተመሳሳይ ቃላት እያፈራረቁ ይጽፋሉ። ከላይ እንደ ታየው አንደኛው አንድ ጊዜ የሚፈጸም፣ ሁለተኛው በየጊዜው የሚደጋገም ሥራ ስለሆነ ማፈራረቁ ስሕተት ነው።

4. የቀረበው የስያሜ ረድፍ

በመሠረቱ አማርኛ የቃል እጥረት የለበትም። የመተባበርን ሐሳብ በደረጃ ለይቶ የሚገልጽ ብዙ ግስ አለው። ለምሳሌ ገበሬው ሁለት በሬ ካለው ይጠምዳል፤ አንድ በሬ ብቻ ካለው ደግሞ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ይህም መቀናጆ ይባላል። የተለያዩ ባለቤቶች ያሏቸው ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር እንዲያርሱ በሬዎቹ መልመድ፣ ባለቤቶቹም በተራው መስማማት አለባቸው። የአንድ አምራች ስልክ ከሌላ አምራች ማዳመጫ ጋር የሚሠራበት ሁኔታ ከዚህ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ይሁን እንጂ ‹ቅንጅት› ዛሬ ለድርጅቶችና ለሥራ ዕቅዶች ትብብር በሰፊው ስለሚነገር በዕቃ ላይ ቢውል ግር ያሰኛል። ስለሆነም ምሳሌው ለማስረዳት ይጠቅማል እንጂ ለስያሜ አልተመረጠም።

በዚህ መሠረት ለአራቱ ደረጃዎች አራት ግሦች ይቀርባሉ።

ገጠመ (መግጠም፣ ግጥም)፦ መሰኪያና ቀዳዳ በመልክና በልክ ሲገናኙ። ስለ ድምፅ ምንም ተስፋ አይሰጥም። «ገመዱ ከቀዳዳው ጋር ይገጥማል።»

ተጣመረ (መጣመር፣ ጥምረት)፦ ሁለት ገመድ አልባ መሣሪያዎች የጋራ ቁልፍ ፈጥረው ሲተዋወቁ። ከ‹ተገናኘ› ጋር አይፈራረቅም። «ማዳመጫው ከስልኩ ጋር አንድ ጊዜ ይጣመራል፤ በየጊዜው ሲከፈት ይገናኛል።»

ተግባባ (መግባባት)፦ ሁለቱ መሣሪያዎች ለአንድ አገልግሎት የሚያስፈልገውን አንድ ዓይነት ስምምነት ሲይዙ። አገልግሎቱ ሁልጊዜ ተለይቶ ይጠራል። «በሙዚቃ ይግባባሉ፤ በጥሪ ግን አይግባቡም።»

ተናበበ (መናበብ)፦ አንዱ የጠቀለለውን ድምፅ ሌላው በዚያው ኮዴክ ሲፈታ። የኮዴኩ ስም ሁልጊዜ ይጠቀሳል። «በኤ.ኤ.ሲ. ይናበባሉ።»

‹ተኳኋኝ› ደግሞ የአራቱም ጠቅላይ ሆኖ ይቆይ፤ ብቻውን ግን አይግባ። ‹በምን?› ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ቃል ይከተለው። አጻጻፉም ‹ተኳኋኝ› በሚለው ቢጸና ይመረጣል፤ ‹አኳኋን› ከሚለው ከለመድነው ስም ጋር በመልክ ይቀራረባልና።

በእነዚህ ምርጫዎች ላይ ሊነሡ ከሚችሉት ተቃውሞዎች ሁለቱን መመልከት ያስፈልጋል። አንደኛው ‹መናበብ› በሰዋስው የታወቀ ቃል ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ በግእዝ ሰዋስው ሁለት ስሞች ተያይዘው አንድ ሐሳብ ሲሰጡ ተናበቡ ይባላል። ነገር ግን የሁለቱ ሙያዎች አንባብያን ስለሚለያዩ ግጭት አይፈጠርም፤ እንዲያውም የሰዋስዉ ትርጕም ለአዲሱ ጥሩ ድጋፍ ነው። ሁለተኛው ‹ኮዴክ› ለምን ባዕድ ሆኖ ቀረ የሚል ነው። ‹አመስጣሪ› የሚል ሐሳብ ይቀርብ ይሆናል። ይህ ግን ስሕተት ያስከትላል፤ ምስጠራ ሌላው እንዳያውቅ መሰወር ሲሆን የኮዴክ ሥራ ግን ቦታ ለመቆጠብ መጠቅለል ነው። በብሉቱዝ ውስጥ ምስጠራውም አጠቃለሉም ስላሉ በአንድ ቃል መጥራት ሁለቱን ያደባልቃል። ስለዚህ ስሙ ኮዴክ ሆኖ ይቆይ፤ ግሦቹ ‹ጠቀለለ›ና ‹ፈታ› ይሁኑ።

ለ‹ፕሮፋይል› የሚቀርበው ቃል ‹የአገልግሎት ውል› ነው። ውል በሰዎች መካከል የሚጻፍ ስምምነት ብቻ ሳይሆን የፈትልም መያዣ ጫፍ ነው፤ ነገር ሲወሳሰብ ‹ውሉ ጠፋ› የምንለው ለዚህ ነው። በስልኮች ላይ ‹መገለጫ› እየተባለ የሚተረጐመው የሰው መለያ ገጽ ለሆነው ፕሮፋይል ይስማማል እንጂ ለዚህኛው አይስማማም። በባዕዱ ቋንቋ ቃሉ አንድ ስለሆነ ብቻ በኛም ቋንቋ አንድ መሆን የለበትም።

5. የትርጕም ልምምድና ከባዱ ጉዳይ

ረድፉ የሚጠቅም መሆኑ የሚታወቀው በሥራ ላይ ሲውል ነው። በማሸጊያ ላይ የተለመደውን ዐረፍተ ነገር እንውሰድ፦

«ከሁሉም ስልኮች ጋር ተኳኋኝ ነው።»

ተርጓሚው የዕቃውን ዝርዝር መግለጫ ተመልክቶ እንዲህ ሊለው ይችላል፦

«ብሉቱዝ ካለው ስልክ ጋር ይጣመራል። በሙዚቃና በጥሪ ይግባባል። በኤልዳክ የሚናበበው ኤልዳክ ካላቸው ስልኮች ጋር ብቻ ሲሆን፣ ከሌሎቹ ጋር በኤ.ኤ.ሲ. ወይም በኤስ.ቢ.ሲ. ይናበባል። ለኤፍ.ኤም. ሬዲዮ አንቴና ሆኖ አያገለግልም።»

ርዝመቱ እንደሚጨምር አይካድም። ሆኖም አንባቢው ከመክፈሉ በፊት ማወቅ የሚገባውን ሁሉ ያውቃል። ዝርዝሩ ካልተገኘ ተርጓሚው የሚያውቀውን ደረጃ ብቻ ይጻፍ፤ ‹ይጣመራል› የሚለው ተረጋግጦ ሌላው ካልተረጋገጠ ‹ተኳኋኝ› ብሎ ማለፍ ያላወቁትን መመስከር ነው።

የእትም ቁጥርም በዚህ ረገድ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ከወጣው ከብሉቱዝ 5.2 ጀምሮ ኤል.ኢ. ኦዲዮ ለተባለው አዲስ የድምፅ ሥርዓት መሠረት ተጥሏል፤ ሥርዓቱም ኤል.ሲ.3 በተባለ አዲስ ኮዴክ ይሠራል። ነገር ግን 5.2 ወይም ከዚያ በላይ የሚል መሣሪያ ሁሉ ኤል.ኢ. ኦዲዮን አይዝም፤ ግዴታ አይደለምና። ቁጥሩን እንደ ዋስትና አድርጎ መተርጐም አይገባም።

ነገሩ ከመዝናኛ አልፎ ከባድ የሚሆነው የመስማት ችግር ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ነው። ዘመናዊ የመስሚያ መርጃ መሣሪያዎች ከስልክ ድምፅ በቀጥታ ይቀበላሉ። ግን ለረጅም ጊዜ ዋና ዋና መንገዳቸው ሁለት ነበር፤ አፕል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለራሱ ስልኮች ያወጣው አንዱ ሲሆን፣ በ2019 በአንድሮይድ 10 ውስጥ የገባው አሻ የተባለው ሌላው ነው። በአንዱ መንገድ ብቻ የሚሄድ መሣሪያ ያለው ሰው ስልክ ሲቀይር ጥሪ የሚሰማበትን መንገድ ሊያጣ ይችላል። ኤል.ኢ. ኦዲዮ ሁለቱን በአንድ የጋራ ሥርዓት ለመተካት የታሰበ ነው፤ እስኪዳረስ ድረስ ግን ልዩነቱ ይኖራል። እንዲህ ባለ መሣሪያ መመሪያ ላይ ‹ከስልክዎ ጋር ይስማማል› ብሎ በደፈናው መጻፍ አንድን ሰው ከቤተሰቡ ድምፅ ሊለየው የሚችል ስሕተት ነው። ሙዚቃ ሳይጠራ ቢቀር ሰው ይበሳጫል፤ የልጅ ጥሪ ሳይሰማ ቢቀር ግን ጉዳቱ ከብስጭት በላይ ነው።

6. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው በአጭሩ ሲጠቃለል፣ በስልክና በድምፅ መሣሪያዎች መካከል ያለው መጣጣም አንድ ነገር ሳይሆን አራት ነገር ነው፤ አማርኛም ለአራቱ አራት ቃል አለው። እነዚህም መግጠም፣ መጣመር፣ መግባባትና መናበብ ናቸው። አንዳቸውም አዲስ አልተፈጠሩም፤ ሁሉም በሕዝቡ አፍ ያሉ ናቸው። አዲስ የሆነው በመካከላቸው የተሠመረው ድንበር ብቻ ነው።

የሙያ ቃል ተግባር ባዕዱን ቃል በአገር ልብስ ማልበስ ብቻ አይደለም። ባዕዱ ቃል ራሱ ያድበሰበሰውን ነገር የኛው ቋንቋ ለይቶ ማስቀመጥ ከቻለ፣ ተርጓሚው ከምንጩ ይልቅ ግልጽ ለመሆን ሊፈራ አይገባም። በእነዚህ ስያሜዎች ላይ፣ በተለይም በ‹ተናበበ›ና በ‹የአገልግሎት ውል› ላይ፣ አንባብያን በየሥራቸው ሞክረው ያገኙትን ጉድለትና የተሻለ ምርጫ ቢያቀርቡ ረድፉ ተሻሽሎ ለመዝገበ ቃላት ሊበቃ ይችላል።